ስለ አያቴ አውራ ጣት ለከተማችን ዐቃቤ ሕግ የቀረበ ምስጋና

ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ የከተማችን ዐቃቤ ሕግ
ቡራዩ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ በር ላይ የሚፈትሸን ጥበቃና ከዛፉ ጥላ ሥር የምትቆመው መኪናዎ ሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በዚህ ወር ለጠየቀን ሁሉ እንደምንለው ደህና ነን። መንገዱ ሲከፈት ገበያ እንሄዳለን፣ በድንጋይ ሲዘጋ እንመለሳለን፣ ተኩስ ሲሰማ ደግሞ ዶሮዎቻችን እንኳ መሸሹን ትተው መጫራቸውን ቀጥለዋል። ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልን፤ በተለይ የዓይንዎን ብርሃን፣ ምክንያቱም ከሰባት ወር በፊት ቀለም የተቀባን የአንድ ሽማግሌ ጣት ከቢሮዎ ሳይነሡ ማየት የቻሉት በእርሱ ነውና።

ስምዎን ጠርቼ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን በክሱ ወረቀት ላይ ማኅተሙ ስምዎ ላይ፣ ፊርማዎ ደግሞ ማኅተሙ ላይ ስላረፈ ሦስቱን መለየት አልቻልኩም፤ በዚህ ካጠፋሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እኔ ዱርሲቱ እባላለሁ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ወይም ትምህርት ቤታችን የወታደሮች ማደሪያ እስኪሆን ድረስ ነበርኩ። እርስዎ የከሰሷቸው የኦቦ ገርባ የልጅ ልጅ ነኝ። ይህንኑ ደብዳቤ በኦሮምኛ ጽፌ ለቢሮዎ ካስገባሁ ሁለት ሳምንት አልፎታል። መልስ ስላልመጣ የሰሞኑን ጨምሬ በአማርኛ ደግሜ ጽፌ፣ የሰፈሩ ተከራዮችም እንዲያነቡት፣ በከማል ፀጉር ቤት መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ከማል ከመርካቶ መጥቶ እኛ ግቢ ክፍል የተከራየ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ "ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል፣ የእግር ኳስ ጋዜጣውማ ተገነጣጥሎ አለቀ" ብሎ ፈቅዶልኛል።

ነገሩን ለማያውቁ ደንበኞቹ ስል በአጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ስለሚያውቁት ይህችን አንቀጽ ቢዘሏት አልቀየምም። አያቴ ከዓመታት በፊት ከአባታቸው የወረሱትን የእርሻ መሬት ጫፍ ለአንድ ቤት ለቸገረው የአዲስ አበባ ሰው ሸጡ። መሬቱ የእርሳቸው ሳይሆን የመንግሥት መሆኑን የሰሙት ፍርድ ቤት ውስጥ ነው፤ የአምስት ዓመት እሥራትም ተፈረደባቸው። አብዛኛውን ጨርሰው፣ ጠባያቸው መልካም ነው ተብሎ፣ በአመክሮ ወጡ። ይህም ማለት የቀረውን ቅጣት እቤታቸው ሆነው በሰላም ይጨርሱ፣ በየወሩ የመጨረሻ ሰኞ ግን ቀበሌ ቀርበው "አለሁ" ሲሉ የጣት አሻራ ይስጡ ማለት ነው። አሁን የተከሰሱት በግንቦቱ ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል ተብለው ነው፤ ቅጣት በመፈጸም ላይ ያለ ሰው መምረጥ አይፈቀድለትምና። ነገ ማክሰኞ ችሎት ይቀርባሉ። ጥፋተኛ ከተባሉ አመክሮው ተነሥቶ የቀረውን ማረሚያ ቤት ገብተው ይጨርሳሉ፤ ለጣቱ ደግሞ ሌላ ይጨመርላቸዋል። ዕድሜያቸው ከሰባ ማለፉን እርሳቸው ይናገራሉ፣ በስንት እንዳለፈ ግን አይናገሩም።

ክሱ የደረሰን ዕለት ልቆጣ ሞክሬ ነበር። አልመጣልኝም። ላለቅስም ሞክሬ ነበር፤ ያው ነው። ስለዚህ ላመሰግን ተነሣሁ፣ ምስጋናዬም በቁጥር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ለአያቴ አውራ ጣት ስለሰጡት ክብር ከልብ እናመሰግናለን። አያቴ ከተፈቱ ጀምሮ ይህን ጣት የሚይዙት ከሰው እንደተዋሱት ዕቃ ነው። እንጨት ሲፈልጡ በጨርቅ ይጠቀልሉታል፣ ላም ሲያስሩ ወደ ላይ ቀስረው ያርቁታል፣ በርበሬ አያስነኩትም። አንድ ጊዜ መዶሻ ስቶ ሲያገኘው የሮጡት ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ ቀበሌ ነበር፤ "ቢያብጥም ሰውየው እኔው ነኝ፣ ኋላ ሌላ ሰው ነው እንዳትሉኝ" ብለው አስቀድመው ለማሳወቅ። ሰኞው ሲቃረብ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በሎሚ ያሹታል። እኔ "አባባ፣ ሌሎቹ ዘጠኙ አይቀኑም?" ስላቸው "እነሱ አመክሮ ላይ አይደሉም" ብለው ይመልሱልኛል። እንግዲህ እኛ ቤት ውስጥ በዚህ ጣት ስንስቅበት ኖረን ነበር፤ ራሱን የቻለ የወንጀል መዝገብ ሊከፈትለት የሚገባ ትልቅ ጣት መሆኑን የተረዳነው በእርስዎ ነው።

ሁለተኛ፤ የቀበሌያችንን የሥራ ልምድ በፍርድ ቤት ፊት ለማሳየት ስላሰቡ አመሰግናለሁ። ይህ ትንሽ ይረዝማል፣ ክቡርነትዎ ወንበርዎን ያመቻቹ።

ቀበሌያችን ውስጥ አሻራ የሚቀበሉት ኦቦ ነገሳ የሚባሉ የመዝገብ ሠራተኛ ናቸው። የቀለሙ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ደረቅ ስለሆነና የአያቴም እጅ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ኦቦ ነገሳ የራሳቸው አሠራር አላቸው። የአያቴን አውራ ጣት ራሳቸው ይይዙታል፣ ቀለሙ ላይ ያሹታል፣ ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ አንከባለው ይጫኑታል፣ ከዚያም "ጨርሰናል" ይላሉ። አያቴ በዚህ ጊዜ ሁሉ ክትባት እንደሚወጋ ሕፃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆያሉ። ወር በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። አንድም ቀን ጣታቸውን በራሳቸው ኃይል ወረቀት ላይ አሳርፈው አያውቁም።

በየካቲት፣ የመራጮች ምዝገባ በነበረበት ሰሞን፣ አያቴ እንደ ወትሯቸው ሊፈርሙ ሄደው ሳለ ኦቦ ነገሳ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ አስፈርመው አንዲት ካርድ ሰጧቸው፤ "ይቺን እንዳይጥሏት፣ ታስፈልጋለች" ብለው። አያቴም የአመክሮ ካርድ ነው ብለው ከመፈቻ ወረቀታቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ከፍራሻቸው ሥር አኖሯት። ግንቦት ሲደርስ ኦቦ ነገሳ "ሰኞ ቢሮው ዝግ ነው፣ እርስዎ እሁድ ይምጡ፣ ካርዷንም ይያዙ" አሏቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያቴ ጣታቸውን አሽተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቀበሌ አዳራሽ ሲደርሱ ሰልፉ ከበሩ አልፎ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተዘርግቷል። ገበሬው፣ ተከራዩ፣ አስተማሪው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ አራስ ሳይቀር ሁሉም ካርድ ይዞ ቆሟል። አያቴ ደነገጡ። ከፊታቸው ወደ ቆመው ሰው ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህ ሁሉ ሰው አመክሮ ላይ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁት። ሰውየው ሰፈር ለሰፈር አወራው፤ እኛም ሳምንቱን ሙሉ ሳቅንባቸው።

ተራቸው ሲደርስ ጣታቸውን ቀለም ቀቧቸው፣ ወረቀትም ሰጧቸው። የዕለቱ አስተናጋጅ ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ኦቦ ነገሳ ናቸው። ጠረጴዛውም ያው፣ ግድግዳውም ያው። አያቴ የሚያውቁትን ሰው በሚያውቁት ጠረጴዛ ላይ ሲያገኙ የሚያውቁትን አደረጉ፤ አውራ ጣታቸውን ዘረጉና ፊታቸውን አዞሩ። ኦቦ ነገሳም እንደ ወትሯቸው ጣቱን ያዙ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ መርጠው ተጫኑት፣ "ጨርሰናል" አሉ፤ ከዚያ ወረቀቱ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ገባ። አያቴ "ገለቶማ ነገሳ" ብለው አመስግነው ወጡ። እኔም ስለዚህ ነው ዛሬ ከምስጋና የጀመርኩት፤ በዘር ነው መሰለኝ።

እቤት መጥተው ምሳ ላይ ያወሩን ነገር "ዛሬ አሠራር አሻሽለዋል፣ ወረቀቱን አጥፈው ሳጥን ውስጥ ነው የሚከቱት፣ እንዳይጠፋ ይሆናል" የሚል ነበር። ከማል በዚያች ሰዓት ከቧንቧችን ውኃ ሊቀዳ ገብቶ የተቀባውን ጣት ሲያይ ጀሪካኑን ጣለና "ኦቦ ገርባ፣ እርስዎ መርጠዋል እኮ!" አላቸው።

"ማንን?" አሉ አያቴ።

"እሱንማ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

"እኔ ከየት አውቄ? ፊቴን አዙሬ ነበር፣ ነገሳን ጠይቀው።"

ክቡርነትዎ ምናልባት ድምፅ በምሥጢር መሰጠት አለበት የሚለውን ሕግ ከመራጩ ራሱ ሳይቀር ደብቆ የፈጸመ ሰው አጋጥሞዎት አያውቅ ይሆናል፤ አያቴ እንደዚያ ያለ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ በነጋታው ሥጋት ገብቷቸው ኦቦ ነገሳ ዘንድ ሄደው "ጥፋት ከሆነ ከሳጥኑ አውጣልኝ" ብለው ለምነው ነበር። ኦቦ ነገሳም "ኦቦ ገርባ፣ አርፈው ይቀመጡ፤ መቶ ሞልቷል" ብለው ሸኟቸው። እውነትም ሞልቶ ነበር። ሰኔ ላይ ቀበሌያችን ከተመዝጋቢው አንድ ሳይቀር ድምፅ ያሰጠ ተብሎ በዚያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ቴሌቪዥን ተሸለመ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግሊዝ ቡድን ደጋፊ ሆኑ።

እንግዲህ ጣቱ የአያቴ ነው፣ ጭነቱ የኦቦ ነገሳ ነው። በክስዎ ውስጥ ያገኘሁት ጣቱን ብቻ ነው። ኦቦ ነገሳን ደግሞ የምስክሮች ስም ከተጻፈበት ሥፍራ አንደኛ ሆነው አገኘኋቸው፤ ነገሩን ከእርሳቸው በቅርብ ያየ ሰው ስለሌለ አመራረጥዎን አድንቄያለሁ።

ሦስተኛ፤ ክሱ እንደሚለው አያቴ ከእኛ ጋር እየበሉና እየጠጡ በኖሩበት ጊዜ ሁሉ ቅጣታቸውን በመፈጸም ላይ ነበሩ። ይህን ባለማወቃችን አፍረናል። እንግዲህ ቤታችን ማረሚያ ቤት ከሆነ አክስቴ ተረፈች የጥበቃ ኃላፊ መሆኗ ነው፤ ዩኒፎርሟን፣ ፊሽካዋንና የታራሚውን ቀለብ ግን እስከ ዛሬ አልተረከበችም። ታራሚውም ቢሆን ሲሻው ወደ ማሳው፣ ሲሻው ወደ ልቅሶ ሲወጣ ዝም ብላ በማየቷ ሳትጠየቅ አትቀርም። ከማል ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ማረሚያ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራይቶ መኖሩን ሲሰማ ኪራዩ እንዲታይለት በትሕትና አመልክቷል፤ እኛም ጉዳዩ ከአቅማችን በላይ መሆኑን ገልጸን ወደ እርስዎ መርተነዋል።

አራተኛ፤ ስለ ጊዜው አመራረጥዎ። ምርጫው ግንቦት ነበር፤ ክሱ የመጣው በኅዳር መጨረሻ ነው። በመካከሉ አያቴ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያንኑ ጣት ለዚያው ሰው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሲሰጡ ማንም ምንም አላላቸውም። ኅዳር ላይ ግን ስለ ማስተር ፕላኑ እንወያይ ተብለን አዳራሹ ተጠራን። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ወጣት ባለሙያ ከተማዋንና እኛን በዙሪያዋ ያለነውን አንድ ላይ ያደረገ ባለ ቀለም ካርታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሰቀሉ፤ ይህ ብቻውን ሽማግሌዎቹን ቅር አሰኝቶ ነበር፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበርና። ባለሙያው ገለጻቸውን ጨርሰው "ጥያቄ ያለው?" ሲሉ አዳራሹ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ እንዲህ ሲባል ዝም ማለት ወግ መሆኑን አያቴም ያውቃሉ። ግን ተነሡ።

"ወንዙ የት ሄደ?" አሉ።

ባለሙያው ካርታውን ከላይ እስከ ታች ፈለጉ፤ የአያቴ ከብቶች የሚጠጡበት ወንዝ አልተገኘም። "እዚህ ጋ አረንጓዴ ቦታ ነው፣ አባቴ" አሏቸው በትሕትና። አያቴም "አረንጓዴ የሚሆነው ከላይ ያለው ፋብሪካ ፍሳሹን የለቀቀበት ቀን ነው፣ እኔ የማወራው ስለ ሌላው ቀን ነው" አሉ። አዳራሹ ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ። ሰብሳቢው "በቃ" ካሉ በኋላም ትንሽ አጨበጨበ። አያቴ ራሳቸው አላጨበጨቡም፤ ጣታቸውን ይጠብቃሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቃሉ። መጀመሪያ ተማሪዎች ወጡ፣ የአምቦ መንገድ ተዘጋ፣ ከሰበታም ከሱሉልታም ተመሳሳይ ወሬ ይመጣ ጀመር። አያቴ አልወጡም፤ አመክሮ ላይ ያለ ሰው ሰልፍ አይወጣም ብለው በር ዘግተው ተቀመጡ፣ እኔንም ዘጉብኝ። ክሱም ዘግተው በተቀመጡበት መጣ። እርግጥ ጥያቄውና ክሱ የሚገናኙ ነገሮች ናቸው አልልም። ወንዝን የሚያህል ነገር ከካርታ ላይ ሲጠፋ ያላየ መሥሪያ ቤት የአንድ ጣት ቀለም ለማየት ጊዜ ወስዶበት ይሆናል።

አምስተኛው ስለ ጋሮማ ነበር። ጋሮማ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጥ የነበረ፣ መንገዱ በተዘጋበት በመጀመሪያው ቀን ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ ነው። አክስቴ ተረፈች አንብባው "እሱን ተዪው" ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ግን አልሰረዝኩትም።

ስድስተኛ፤ የአገር ሽማግሌዎቻችን ሥራ እንዳይፈቱ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። የዕድራችን አባቶች ነገሩ በሽምግልና እንዲያልቅ ብለው ባለፈው እሁድ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ኦቦ ነገሳን ሊለምኑ ወደ ቀበሌው አዳራሽ በክብር ሄዱ። እኛም ተስፋ አድርገን ጠበቅናቸው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ስለነበር ተረፈች እልል ልትል ከጅሏት ነበር፤ ለካ ቡድናቸው በመጨረሻዋ ደቂቃ አግብቶ ነው። የአያቴን ጉዳይ ለማንሣት አልተመቻቸውም፤ ኦቦ ነገሳ የሌላው ቡድን ደጋፊ ስለሆኑ በዚያ ሰዓት ቢለመኑ ክፉ ያደርጋሉ ተብሎ ተፈራ። በምትኩ አያቴን መክረው ሄዱ። "አንተ ዐቃቤ ሕጉን ይቅርታ ጠይቅ" አሏቸው። አያቴ "ምን ብዬ?" ሲሉ ትልቁ ሽማግሌ አስበው አስበው "ሁለተኛ አልመርጥም በል" አሉ። አያቴም "አንደኛውንስ መቼ መረጥኩ?" ብለው የእግዜር ሰላምታ ሰጥተው ሸኟቸው።

ሰባተኛ የለም። ስድስት የጻፍኩት ለማሳጠር ነው።

ክሱን ለአያቴ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ አልጮኹም፣ ማንንም አልረገሙም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ችሎቱ ማክሰኞ ከሆነ የሰኞው ፊርማዬስ? ልሂድ ወይስ ይቅር?" ይሂዱ አልኳቸው። ዛሬ ጠዋት ጣታቸውን በሳሙናና በሎሚ አሽተው ሄዱ። ኦቦ ነገሳ "ፋይልዎ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ስለሆነ አሻራ አልቀበልም" ብለው መለሷቸው። ይህን ስጽፍልዎ አያቴ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠዋል፣ ጣታቸውን ሳያስነኩ ቀስረው እንደያዙ ነው። "አለሁ" የሚሉለት ሰው አጥተው ማለት ነው። ተረፈች ሹራባቸውን አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታለች። ብርድ ልብሳቸው ተጠቅልሎ በር ሥር ተቀምጧል፤ ድመቷ ተኝታበታለች፣ የሚያስነሣት የለም። ከማል መጥቶ ሳይጠየቅ ፀጉራቸውን አስተካክሎላቸዋል፣ "ችሎት ፊት እንደ ሙሽራ ነው የሚገቡት" እያለ፤ ማንም አልሳቀለትም፣ እርሱም አልተቀየመም። እኛ ቤት ሰሞኑን ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ያዝናል የተባለው አያዝንም፣ ይቆጣል የተባለው ሹራብ ያጥባል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት፤ ጊዜዎን አትወስድም። ነገ ኦቦ ነገሳ ቃላቸውን ሲሰጡ፣ ኦቦ ገርባ እንዴት አድርገው ድምፅ እንደሰጡ በአፍ ብቻ እንዳይናገሩ፣ ዳኛው ፊት በተግባር እንዲያሳዩ ይጠይቁልኝ። ወረቀት ይቅረብ፣ ስፖንጁም ይምጣ፣ ቢደርቅም ግድ የለም። አያቴ እንደሚያደርጉት ጣታቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ኦቦ ነገሳ እጃቸውን ካልዘረጉ፣ ጣቱ በራሱ ወረቀቱ ላይ መውረድ አለመውረዱን አብረን እንጠብቃለን። እስኪመሽ ብንጠብቅ እንኳ ትምህርት ስለሌለ እኔ አልቸኩልም።

ለዚህ ድፍረቴ ሊከሱኝ ካሰቡ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ዕድሜዬ ይደርሳል፤ ያኔ ካርድ ስትሰጡኝ ምን እንደሆነ አብራችሁ ብትነግሩኝ ለሁላችንም ይቀላል። ነገ ሰፈሩ በሙሉ ከአያቴ ጋር እመጣለሁ ብሏል። በችሎቱ በር ላይ ፍተሻው ረጅም ስለሆነ ሰልፉ መንገዱ ድረስ መውጣቱ አይቀርም፣ አያቴም አይተው ያንኑ ጥያቄያቸውን እንደገና ይጠይቁ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ሰው አመክሮ ላይ ነው እንዴ ብለው። ግንቦት ላይ ስቄባቸው ነበር። ነገ ቢጠይቁኝ የምመልስላቸውን እያሰብኩ ነው።

የማኅተምዎን ክብነት፣ የፊርማዎን ርዝመት፣ የወንበርዎንም ከፍታ በሩቁ እያከበርኩ፣ ከእነ ሙሉ ጣቶቼ እጅ የምነሣ፣ ታዛዥዎ፣

ዱርሲቱ
የታራሚ ኦቦ ገርባ የልጅ ልጅ፣ የግቢው ማረሚያ ቤት ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኦቦ ነገሳ (ፊታቸውን ሳያዞሩ እንዲያነቡት)
ለዕድራችን አባቶች (ከጨዋታው በኋላ)
ለፀጉር ቤቱ መስታወት

ያልተጻፈ እንዳይቀር፦ ከማል አንድ ነገር አስታወሰኝ። አያቴ መምረጥ የማይገባቸው ሰው ከነበሩ ድምፃቸው ከቆጠራው መውጣት አለበት፤ እርሱ ሲወጣ ደግሞ መቶው መቶ መሆኑ ይቀራል፣ ቴሌቪዥኑም ለማይገባው ቀበሌ የተሰጠ ሽልማት ይሆናል። ስለዚህ ክሱ እንደጸና ወዲያው ተነቅሎ ለሰጪው ቢመለስ ሕጉ ለሁሉም እኩል መሥራቱን በዓይናችን እናያለን። አያቴ ነገ ብርድ ልብሳቸውን ስለሚይዙ እርሳቸው አይችሉም፤ ቴሌቪዥኑን የሚሸከም ሰው በእናንተ በኩል ይዘጋጅ።